የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጃፓን ጉብኝት

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጃፓን ጉብኝት በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1931) በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተመራ የመልእክተኞች ቡድን በጃፓን መንግሥት አስተናጋጅነት ያደረገው ይፋዊ ጉዞ ነው። ኢትዮጵያውያን በቡድን ሆነው፣ በአስጎብኚና በአስተርጓሚ እየተመሩ ጃፓንን ከጎበኙባቸው ጉዞዎች ሁሉ ቀደምትና ታዋቂው ይህ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከጉዞው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ጉብኝቱ በኢትዮጵያ ምሁራን ዘንድ ትልቅ ተስፋ ቢያሳድርም፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ጃፓን የተጠበቀውን ድጋፍ አልሰጠችም።

የጉዞው መነሻ

የሁለቱን አገሮች ታሪክ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ማነጻጸር ይቻላል። በዚያ ዓመት የካቲት 5 ቀን (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1889) የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የአገራቸውን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሕገ መንግሥት አወጁ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉና ወዲያው አረፉ። ስለዚህ ጃፓን መንግሥቷን በጽሑፍ ሕግ ባጸናችበት ወቅት ኢትዮጵያ በሱዳን ጠረፍ ንጉሠ ነገሥቷን በጦር ሜዳ አጥታለች።

ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ አገሮች ተመሳሳይ መንገድ የተጓዙበት ጊዜ ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሁለቱም አገሮች ገቡ። ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያንን ከኢትዮጵያ አስወጥተው ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ጃፓንም በ1639 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋላውያንን አስወጥታ በሯን ለአብዛኞቹ አውሮፓውያን ዘጋች። በሁለቱም አገሮች የንጉሠ ነገሥቱ ክብር በስም ብቻ ቀርቶ ሥልጣኑ በጦር መሪዎች እጅ የነበረበት ዘመን አለ። በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ይባላል፤ በጃፓን ደግሞ ሾጉን የተባሉት የጦር አለቆች ዘመን ነው።

ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጣሊያንን ድል አደረገች። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 በተደረገው ጦርነት ሩሲያን አሸነፈች። አውሮፓዊ ያልሆነ አገር በራሱ መንገድ ሠልጥኖ ነጻነቱን ሊያስከብር ይችላል የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ የተማሩ ሰዎች ዘንድ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በምሳሌነት ካነሱት ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለዚህ ትውልድ ምሁራን በጻፉት ጥናት የጃፓንን አርአያነት ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1931) የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተዘጋጀው የሜይጂን ሕገ መንግሥት አብነት በማድረግ ነው። ረቂቁን ያሰናዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ጉዞ የተደረገው ሕገ መንግሥቱ በታወጀ በጥቂት ወራት ውስጥ በመሆኑ፣ ልዑካኑ የሄዱት ሕጓን ወደ ተዋሱላት አገር ነበር ማለት ይቻላል።

መሪውና ልዑካኑ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1878 በመርሐቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ በጸሐፊነትና በሹመት መንግሥትን አገልግለዋል። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የጃፓኑ ጉዞ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1911 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ በሎንዶን ተገኝተዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ተጉዘው፣ የመንገዱን ሁኔታ «ደስታና ክብር» በተባለ መጽሐፍ ጽፈዋል። «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም» የተባሉት ልብ ወለድ ድርሰቶቻቸውም የታወቁ ናቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከናወነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ የጃፓን ልዩ መልእክተኛ ተገኝተው ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 6 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ጉዞ ለዚህ አክብሮት የተመለሰ መልስ ነበር። ከእሳቸው ጋር አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያም፣ ልጅ አርአያ አበበ እና አቶ ዳባ ብሩ ሄደዋል።

ጉዞው

በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ፈጣን መንገድ የጅቡቲ ምድር ባቡር ነበር። ከጅቡቲ በኋላ ተጓዡ የሕንድ ውቅያኖስን በመርከብ ማቋረጥ ነበረበት፤ የባሕሩ ጉዞ ብቻውን አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ልዑካኑ በኖቬምበር 1931 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ደረሱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 1924 ዓ.ም. መጨረሻው ላይ ነበር። በጃፓን ከአንድ ወር በላይ ቆይተዋል።

ወቅቱ በጃፓን መጸው፣ ማለትም የዛፎች ቅጠል ቀልቶ የሚረግፍበት ጊዜ ነው። ጃፓን በዓለም የታወቀችበት የቼሪ አበባ የሚፈነዳው በጸደይ ስለሆነ ልዑካኑ አላገኙትም። የመጸው አበባ ክሪዛንተመም ነው፤ ባለ 16 ቅጠሉ የክሪዛንተመም ምስል የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ዓርማ ነው።

ልዑካኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀርበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መልእክት አድርሰዋል። ጋዜጦች ስለ እንግዶቹ በሰፊው ጻፉ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላቸው። ቶኪዮ በ1923 እ.ኤ.አ. በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ አብዛኛው ክፍሏ ወድሞ ነበር፤ እንግዶቹ ሲደርሱ ግን ከተማዪቱ እንደ አዲስ ተሠርታ፣ የመልሶ ግንባታው ፍጻሜ ከተከበረ አንድ ዓመት ከግማሽ ያህል ሆኗት ነበር። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዲህ የተነሣች ከተማ የአገሪቱን አቅም ለማሳየት በቂ ማስረጃ ነበረች።

አስጎብኚዎቹ ያሳዩትና ያላሳዩት

ይፋዊ ጉብኝት እንደማንኛውም በአስጎብኚ የሚመራ ጉብኝት ነው፤ እንግዳው የሚሄድበትን ቦታና የሚቆይበትን ሰዓት የሚወስነው አስተናጋጁ ነው። ጃፓን በዚህ ሥራ ልምድ ነበራት። የውጭ አገር እንግዶችን የሚያስተናግድ የጉዞ ቢሮ በ1912 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምድር ባቡር ሚኒስቴር ሥር የቱሪዝም ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት ቦርድ ተመሥርቷል።

ለኢትዮጵያ ልዑካን የታየው የፋብሪካ፣ የወታደራዊና የትምህርት ተቋማት ሥራ ነበር። ይህም ከጎብኚዎቹ ፍላጎት ጋር የሚስማማ ነው። ጃፓን የመጀመሪያውን የባቡር መስመር የከፈተችው በ1872 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የትምህርት ሕጓንም ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ጎብኚዎቹ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት በዓይናቸው አይተዋል።

በጉብኝቱ መርሐ ግብር ያልተካተተው ጉዳይ ከዚህ ያላነሰ ክብደት ነበረው። መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1931)፣ ልዑካኑ ከመድረሳቸው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የጃፓን ጦር በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ቻይና አቤቱታዋን ያቀረበችው ለመንግሥታት ማኅበር ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚሁ ማኅበር አባል ነበረች። በታኅሣሥ 1931 እ.ኤ.አ. የጃፓን ካቢኔ ወደቀ፤ ከቻይናና ከምዕራባውያን ጋር በሰላም መኖርን ይመርጡ የነበሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሺዴሃራ ኪጁሮም ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ በአገሪቱ ፖለቲካ ላይ ያለው ሥልጣን እየበረታ ሄደ። ልዑካኑ የደነቃቸው ኢንዱስትሪ፣ ያ ጦር የሚታጠቅበትም ነበር።

«ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»

መጽሐፉ በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። «ማኅደር» ማደሪያ ማለት ነው፤ ስለዚህ ርእሱ «የብርሃን ማደሪያ የሆነች የጃፓን አገር» የሚል ትርጉም አለው። ጃፓናውያን አገራቸውን የሚጠሩበት «ኒፖን» የተባለው ስምም «የፀሐይ መውጫ» ማለት በመሆኑ ርእሱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

መጽሐፉ የጉዞ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን የጃፓንን ታሪክና አስተዳደር ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚያስተዋውቅ ነው። ደራሲው በሁለቱ አገሮች መካከል ያዩትን መመሳሰል፣ በተለይም የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ጥንታዊነት አጉልተው ጽፈዋል። በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ ታትሟል።

መጽሐፉን ለታሪክ ጥናት የሚጠቀም አንባቢ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። አንደኛው ደራሲው በዓይናቸው ያዩት ነው፤ ይህ በዘመኑ አማርኛ የተጻፈ ብርቅ ምስክርነት ነው። ሁለተኛው ለአገራቸው የተመኙት ነው። አንድ አገር ሃይማኖቱንና ዘውዱን ሳይለቅ ሊሠለጥን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ለማስረዳት ጃፓን የተመቸች ምሳሌ ነበረች።

የጉብኝቱ ውጤት

ከጉብኝቱ በኋላ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ የነበረው ድርሻ ከፍተኛ ሆነ። ዋጋው ርካሽ ስለነበር የሌሎችን አገሮች ጨርቅ ከገበያ አስወጣ። ጣሊያን ይህን በጥርጣሬ ትመለከተው ነበር።

ከልዑካኑ አንዱ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ማሰባቸው በጃፓን ጋዜጦች ሲወራ ነገሩ የዓለም ወሬ ሆነ። በ1934 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመኳንንት ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ኩሮዳ ማሳኮ እንደተመረጠች ተገለጸ፤ ይሁን እንጂ ጋብቻው በዚያው ዓመት ቀረ። የጣሊያን ተቃውሞ ለመቅረቱ ምክንያት ነው ተብሎ በሰፊው ተወርቷል።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) በሮም የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ሱጊሙራ ዮታሮ፣ አገራቸው በኢትዮጵያና በጣሊያን ጠብ ጣልቃ እንደማትገባ ለሙሶሊኒ ገለጹ። በጃፓን ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ብሔርተኛ ማኅበራት፣ ይህን በመቃወም ለኢትዮጵያ ድጋፋቸውን አሰሙ። በ1924ቱ ጉብኝት የነበሩት አቶ ዳባ ብሩ በ1935 እ.ኤ.አ. እርዳታ ለመጠየቅ እንደገና ወደ ጃፓን ተላኩ። ከሕዝቡ ሞቅ ያለ አቀባበል አገኙ፤ መንግሥት ግን ጦርነቱን የሚለውጥ የጦር መሣሪያ እርዳታ አልሰጠም።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጃፓን በአዲስ አበባ የከፈተችውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ በማድረግ ወረራውን በተግባር ተቀበለች። ጣሊያንም በ1937 እ.ኤ.አ. ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት እውቅና ሰጠች። በ1924 ዓ.ም. በጉብኝቱ መርሐ ግብር ያልነበረችው ማንቹሪያ በመጨረሻ የኢትዮጵያን ጉዳይ ከወሰኑት ነገሮች አንዷ ሆነች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ።

ከጦርነቱ በኋላ

የሁለቱ አገሮች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት በ1955 እ.ኤ.አ. እንደገና ተጀመረ። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1946 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላም ጥያቄው በኢትዮጵያ እንዳልተረሳ ያሳያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ጃፓንን ጎበኙ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ከሚቺኮ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ። ስሙ ዛሬም በጃፓን ይታወቃል።

የዛሬው የአበባ ወቅት ጉብኝት

ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን መሄድ የወራት ሳይሆን የሰዓታት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶኪዮ በረራ የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የቡድን ጎብኚዎች ከሁሉ አብልጠው የሚመርጡት ጊዜ ኅሩይ ያላገኙት የቼሪ አበባ ወቅት ነው። አበባው በጃፓንኛ «ሳኩራ» ይባላል፤ አበባውን ለማየት ከቤት መውጣት ደግሞ «ሃናሚ» ይባላል።

ወቅቱ አጭር ነው። በየከተማው ለመከታተያ የተመረጠ ዛፍ አለ። በዛፉ ላይ አምስት ወይም ስድስት አበቦች ሲከፈቱ የከተማው ወቅት መጀመሩ ይነገራል፤ 80 በመቶው ሲከፈት ሙሉ አበባ ተባለ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይረግፋል። ዝናብና ነፋስ ካለ ከዚያም ያንሳል። በብዛት የተተከለው ሶሜይ ዮሺኖ የተባለው ዝርያ የሚራባው በማዳቀያ ቅርንጫፍ ስለሆነ ዛፎቹ በባሕርይ አንድ ናቸው፤ በአንድ አካባቢ ያሉት በአንድ ጊዜ ያብባሉ፣ በአንድ ጊዜም ይረግፋሉ። አበባው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በቶኪዮ አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻ፣ በሰሜኑ ሆካይዶ ደሴት ደግሞ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል።

የቡድን ጉብኝት አዘጋጆች ሆቴልና ትኬት የሚይዙት ከወራት በፊት ነው፤ አበባው የሚከፈትበት ቀን ግን በዓመቱ ሙቀት ይወሰናል። በኪዮቶ አበባው የሚከፈትበት ቀን ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተለያዩ ጽሑፎች ተመዝግቧል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሙሉ አበባው ማርች 26 ቀን ታየ፤ ይህም ከ1,200 ዓመት በላይ በሆነው መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከታወቁት ሁሉ የቀደመው ነው። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ቡድኑን በአንድ ከተማ አያቆዩትም፤ ቆላና ደጋ፣ ደቡብና ሰሜን የሆኑ ቦታዎችን በአንድ ጉዞ ያካትታሉ፤ በአንዱ አበባው ቢያልፍ በሌላው ይገኛል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። አደይ አበባ በመስከረም ደጋውን ቢጫ አድርጎ ከአዲሱ ዓመትና ከትምህርት መከፈቻ ጋር ይመጣል፤ ሳኩራም በጃፓን የትምህርት ዓመት ከሚጀምርበት ከኤፕሪል ጋር ይገጥማል። በአብደራፊ፣ በመተማና በሌሎቹ የምዕራብ ጎንደር ቆላዎች ደግሞ የሰሊጥ ገበሬ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። ሰሊጥ በክረምት አጋማሽ ካበበ በኋላ ፍሬው ሲደርስ በቶሎ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ጃፓን የምትጠቀመውን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ የምታስገባ አገር ስትሆን፣ ኢትዮጵያም ከሻጮቿ አንዷ ነች።

በጃፓን የአስጎብኚ አስተርጓሚነት ሥራ በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በመንግሥት ፈተና የሚገኝ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ፈቃድ የሌላቸውም በክፍያ ማስጎብኘት ይችላሉ። የዛሬ ጎብኚ ከቡድኑ ተለይቶ በራሱ ባቡር ተሳፍሮ ሊሄድ፣ ጋዜጣም ሊያነብ ይችላል። በ1924 ዓ.ም. አራቱ ኢትዮጵያውያን ግን በአስተናጋጆቻቸው መርሐ ግብርና አስተርጓሚ ላይ ተደግፈው ነበር የተመለከቱት። ያዩት እውነት ነበር፤ የአገራቸውን ዕጣ በኋላ የወሰነው የጃፓን ጉዳይ ግን በዚያ መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረም።